ሃያኛው ከረጢት

የወይባ ጉብታው ጂኦሎጂስት አንዱዓለም እሑድ ከሰዓት ወጥቶ ለእራት አልተመለሰም። አልጋው እንደተነጠፈ አደረ። ሰኞ ሲነጋ የናሙና መዝጋቢዋ መቅዲ ልትፈልገው ወደ አሮጌው ቦይ ወጣች። የቦዩ አንዱ ግድግዳ ተደርምሷል። በተደረመሰው አፈር ላይ የቁርቁራ እሾህ ተጋድሟል። ከእሾሁ ሥር የጫማ አፍንጫ አየች።

ኢንስፔክተር ፈንቴ ከኮኪት ሁለት ፖሊስ ይዞ ሲደርስ ፀሐዩ መፋጀት ጀምሯል። ቆፋሪዎቹ ራቅ ብለው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። በቦዩ አፍ ብቻቸውን የቆሙት የሰፈሩ ዘበኛና መንገድ መሪ አቶ ፈረደ ናቸው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ሰባ ይጠጋቸዋል። በዚያ ቆላ ደም የተቃባ የሚታረቀው እሳቸው ፊት ነው። ፈንቴ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃቸዋል፤ ዝቅ ብሎ ሰላም አላቸው።

«ነፍስ ይማር፣ አባባ።»

«ይማር» አሉ።

ፈንቴ እሾሁ እንዲነሣ አዘዘ፤ አንዱን ቅርንጫፍ ራሱ ጎተተ። ፖሊሶቹ አፈሩን በእጃቸው ዛቁት። አንዱዓለም በፊቱ ተደፍቷል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር። ማጅራቱ ላይ የእንቁላል ስፋት ያለው ቁስል አለ። ወገቡ ላይ መዶሻ የሚንጠለጠልበት ቀበቶ ታጥቋል፤ መዶሻው ግን የለም።

ከአንድ ሰዓት በኋላ መዶሻው ተገኘ። የተገኘው ምናለ ከሚባል ቆፋሪ ጓዝ ውስጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነው። ምናለ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም፣ ከአቸፈር ወርዶ፣ አጨዳው ሲያልቅ ወደ ቁፋሮው የዞረ ልጅ ነው። ቆፋሪዎቹ ሲጠየቁ፣ ቅዳሜ ዕለት ከጂኦሎጂስቱ ጋር ሲጨቃጨቁ ሰምተናል አሉ።

ሰው ተመታ፣ መዶሻ ጠፋ፣ መዶሻ ተገኘ። ከዚህ ወዲያ ማሰብ የሚወድ ፖሊስ ጥቂት ነው። በዚያን ቀን ፈንቴም አልወደደም።

ነገር ግን አይቷል። ከጨርቁ ውስጥ የወጣው ብረቱ ብቻ ነው፤ የእጀታው ቀዳዳ ባዶ ነው። ከጎኑ ገና በግማሽ የተጠረበ አዲስ እጀታ ነበር። ፈንቴ የኤግዚቢት ቅጹ ላይ «አንድ መዶሻ» ብሎ ጻፈ። ቀሪውን ኋላ እጨምረዋለሁ አለ በልቡ። አልጨመረም።

*

ምናለ ጣቢያው ውስጥ መሬት መሬት እያየ ተናገረ። ቅዳሜ ዕለት የቦዩ አናት ተሰንጥቆ ስላየ አልወርድም አለ። አንዱዓለም በሰው ፊት ፈሪ ብሎ ሰደበው። ኋላ ራሱ ወጥቶ ስንጥቁን አየና አፈረ። በዚያ በኩል ማንም እንዳይወርድ አቶ ፈረደ እሾህ እንዲያጥሩበት አዘዘ። ማታ ምናለን ጠርቶ መዶሻውን ሰጠው፤ እጀታው ላልቷልና አዲስ ግባለት አለው። ምናለ ይህን እንደ እርቅ ቆጥሮታል።

«ሲሰጥህ ማን አየ?» አለ ፈንቴ።

«እግዜር።»

«እሱ ቃል ሰጥቶ አይፈርምም።»

ምናለ ቀና ብሎ አየው። እሑድ ሙሉ ቀን ከአገሩ ልጆች ጋር ኮኪት ወንዝ ልብስ ሲያጥብ እንደዋለ ነገረው። አሥራ አንድ ናቸው። አጨዳው አልቋል፤ ሐሙስ ጠዋት በጭነት መኪና ወደ አገራቸው ይመለሳሉ።

«ሐሙስ ከሄዱ ማን ይመሰክርልኛል፣ ጌታዬ? ወሬዬንም ይዘውት ነው የሚገቡ። ስሜ በሰው ደም ከተነሣ አገሬ አልገባም። ብትፈቱኝም አልገባም።»

ፈንቴ ማስታወሻውን ዘጋ። የአንድ አገር ልጆች ለአንዳቸው ይዋሻሉ፤ ይህን ሃያ ዓመት ሲያይ ኖሯል። ለአሥራ አንዱ ሰው አልላከም። አዛዡ ደግሞ ደውሎ መዝገቡን ዓርብ እፈልገዋለሁ ብሎታል።

*

ማክሰኞ አስከሬኑን የመረመረው የጤና መኮንን ውጤቱን ነገረው። አንዱዓለምን የገደለው የማጅራቱ ቁስል አይደለም። ጉሮሮው ውስጥ አፈር አለ። አፈሩ ሲጫነው በሕይወት ነበር፤ ጥቂት የማይባል ጊዜም ተንፍሷል። ቁስሉን ያደረሰው ባለማዕዘን ድንጋይ ነው።

«መዶሻ ሊሆን አይችልም?» አለ ፈንቴ።

«ድንጋይ ነው የምልህ።»

ከዚያ ሲወጣ መቅዲ ደጅ ላይ ቆማ አገኛት። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። በእጇ የቁጥር ሠንጠረዥ ያለበት ወረቀት ይዛለች። የመጨረሻው ናሙና የላቦራቶሪ ውጤት እሑድ ጠዋት ለአንዱዓለም በስልክ እንደደረሰውና ያን ቀን ምሳ እንዳልበላ ነገረችው። ፈንቴ ስለ ድንጋይ እንደማያውቅ ስላየች ከመጀመሪያው ጀመረች።

ወይባ ጉብታ ላይ የሚታየው አረንጓዴ ድንጋይ የመዳብ ዝገት ነው። መዳቡ በነጭ የድንጋይ ጅማት ይሄዳል፤ ብርም ካለ ከእሱ ጋር ነው። ከአብዮቱ በፊት የውጭ ሰዎች መጥተው ቦዩን ቆፈሩ፣ ሦስት ቦታ በመሣሪያ በሱና ሄዱ። አገሬው አብዮቱ ስላባረራቸው ነው ይላል። አቶ ፈረደ ያን ጊዜ ጎረምሳ ሆነው ዕቃ ይሸከሙላቸው ነበር፤ «ከአረንጓዴው ሥር ብር አለ» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ ብለው ሃምሳ ዓመት አወሩ። የአሁኑ የማዕድን ካምፓኒ ከሁለት ዓመት በፊት ሲመጣም ሦስቱን ጉድጓዶች መርተው ያሳዩት እሳቸው ናቸው። ስድስት አባወራም በእሳቸው ቃል የሰሊጥ ማሳቸውን ለቀቁ።

«አንዱዓለም ግን የድሮዎቹን ሰዎች ሪፖርት አዲስ አበባ መዝገብ ቤት አግኝቶት ነበር» አለች። «ያባረራቸው የለም። ጅማቱ ላይ ላዩን ክንድ ያህላል፤ ወደ ታች ሲወርድ ጣት ያህላል፤ ከዚያ ይጠፋል። ባዶ ስለሆነባቸው ነው የሄዱት። የእኛም የመጀመሪያ ናሙናዎች እንደዚያው ነበሩ፤ መዳብ ትንሽ፣ ብር የለም።»

«የአሁኑስ?»

«የአሁኑ ሁሉም ብር አለው።»

«እንግዲያ ደስ ሊለው ይገባ ነበር።»

«ሃያኛው ከረጢት ባይኖር።»

ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ዘርግታ በጣቷ አሳየችው። ናሙና ሲላክ ከሃያ ከረጢት አንዱ የጉብታው ድንጋይ አይገባበትም፤ ከጎንደር መንገድ ዳር የለቀሙት ጥቁር ድንጋይ ይገባበታል። ምንም ብር እንደሌለው የታወቀ ነው። ላቦራቶሪው ሳይሳሳት መሥራቱን የሚፈትኑት በዚያ ነው። አሁን ግን ሃያኛውም፣ አርባኛውም፣ ስድሳኛውም ብር አለው። አንድ ሰው ግምጃ ቤት ገብቶ በየከረጢቱ የብር ዱቄት ነስንሷል።

«ሃያኛው ባዶ መሆኑን ማን ያውቃል?»

«እሱና እኔ ብቻ።»

ፈንቴ አሰበ። የሚያውቅ ሰው ቢሆን ሃያኛውን ይዘለዋል። ስለዚህ ነስናሹ እሷም አይደለችም፣ ሟቹም አይደለም። የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ከእነሱ ሌላ የሚይዙት ሾፌሩ ያብስራና ዘበኛው ናቸው። ፈንቴ ያብስራ ላይ ተስፋ ጣለ። ወጣት ነው፣ አፉ ፈጣን ነው፣ ከረጢቱን የሚያመላልሰውም እሱ ነው። አስጠርቶ ሁለት ሰዓት ጠየቀው። ያብስራ ቅዳሜ ጠዋት ጎማ ሊቀይር ጎንደር ሄዶ ሰኞ ማታ ነው የተመለሰው። ፈንቴ ኬላው ድረስ ደውሎ አረጋገጠ፤ መውጫውም መግቢያውም ተመዝግቧል፤ እሑድ ጉብታው ላይ አልነበረም።

የቀረው አንድ ሰው ነው። ፈንቴ ስሙን ማስታወሻው ላይ አልጻፈም። ለነገ አሳደረው።

*

በአንዱዓለም ስልክ ላይ እሑድ ጠዋት ሦስት ጊዜ የተደወለለት ቁጥር ነበር። የኢሕሳን ነው፤ መተማ ዮሐንስ ድንበሩ አፍ ላይ የሚሠራ፣ ከድንበሩ ማዶ ገዳሪፍ የተወለደ ብር አንጥረኛ። ፈንቴ ረቡዕ በጠዋት ሄደ።

ኢሕሳን መጀመሪያ ሰውዬውን አላውቀውም አለ። ፈንቴ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ኢሕሳን አንድ ቀለበት ሞረደ፣ ሌላም ሞረደ። ፖሊስ የተቀመጠበት ሱቅ ደንበኛ አይገባም። ሦስተኛው ላይ ሞረዱን አስቀመጠ።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ እኔ አንጥረኛ ነኝ። ሰው ብር ያመጣል፣ እሠራለሁ፣ ኸላስ፣ አለቀ። ስም አልጠይቅም።»

«እኔም ስም አልጠየቅሁህም። ምን ሠራህ ነው የምልህ።»

መስከረም ላይ አንድ ሽማግሌ አሥራ አንድ ማርትሬዛ ብር ይዞ መጣ። የአንገት ጌጥ የነበሩ ናቸው፤ ሁሉም ማንጠልጠያ አላቸው። ዱቄት አድርግልኝ አለ። ኢሕሳን አሮጌ ብር ማቅለጥ ያውቃል፣ መፍጨት ግን ሰምቶ አያውቅም። ሚስትህ አታለቅስም ወይ ሲለው ሞታለች አለው። ከዚያ ግማሽ ቀን ሞረደለት። ሽማግሌው ፊት ለፊት ተቀምጦ ብናኙ በነፋስ እንዳይሄድ በነጠላው ሲጋርድ ዋለ።

«እሑድ ያ የጠየቅኸኝ ሰው ደውሎ ብር ያስፈጨ ሰው አለ ወይ አለኝ። አለ አልሁት። የሆነውን ነገርሁት። ሁለት ጊዜ መልሶ ደውሎ ያንኑ ጠየቀኝ፣ እንዳልሰማ ሰው።»

ፈንቴ ሌላ አልጠየቀም። የአቶ ፈረደ ሚስት እማሆይ አየሁሽ ከመመንኮሳቸው በፊት በየሠርጉ ያን ጌጥ አንገታቸው ላይ ያደርጉት ነበር። ልጅ ሳለ ብሮቹን ቆጥሯቸዋል። አስከሬናቸውን ተሸክመው ከቀበሩት አንዱም እሱ ነው።

ናሙና ማበላሸት ግን ሰው መግደል አይደለም። እስከ ወይባ ጉብታ ድረስ ይህን ለራሱ እየደጋገመ ነዳ።

*

አቶ ፈረደ ቦዩ ዳር ነበሩ። ሰኞ የተጎተተው እሾህ ተሰብስቦ የተደረመሰው አፍ ዳግመኛ ታጥሯል። ፈንቴ ሰላም ብሎ አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከታች ላሞች ወደ ወንዙ እየወረዱ ነው።

«እሾሁን ማን መለሰው፣ አባባ?»

«እኔ ነኛ። የጎረቤቴ የስመኝ ላሞች በዚህ ነው ወደ ውሃ የሚወርዱ። ክፍቱን ቢያድር ትወድቃለች አንዷ።»

ፈንቴ እሾሁን አየ። ከሥሩ ያለውን አፈርም አየ። የሰኞው ጠዋት ትዝ አለው፤ አስከሬኑን ለማግኘት አስቀድመው ያነሡት እሾሁን ነበር። ቦዩ ሲደረመስ እሾሁ እዚያ ከነበረ አፈሩ ይቀብረው ነበር። እሾሁ ግን ከአፈሩ በላይ ነበር። መቅዲ ከመምጣቷ በፊት፣ አፈሩ ከወደቀ በኋላ፣ መጥቶ ያጠረ ሰው አለ። ያ ሰው ጫማውን አይቷል። ለሰው አልጮኸም፤ ለላም ግን አጠረ።

እንዲህ የሚያደርግ አንድ ሰው ብቻ ያውቃል።

«ቅዳሜ ያጠሩት የት ላይ ነበር?» አለ ፈንቴ።

«ስንጥቁ ላይ።»

«እሑድስ?»

ሽማግሌው ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ጉልበታቸው ላይ አጠፉት።

«እጄን አላነሣሁበትም» አሉ።

«እሾሁን ግን አነሡ።»

«አነሣሁ።»

ከዚያ ሳይጠየቁ ተናገሩ፤ ድምፃቸውም ከፍ ዝቅ አላለም። እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አንዱዓለም መጣና አጠገባቸው ተቀመጠ። ሁሉን ያውቃል። አልተቆጣም። አባባ፣ ስምዎን አላነሣም አላቸው፤ ናሙናው ተበላሽቷል ብዬ ብቻ እጽፋለሁ። ማንም ያልነካው አንድ ናሙና በእጄ አውጥቼ፣ በእጄ አስሬ እልካለሁ፤ ከዚያ ጉብታው ባዶ መሆኑን ተናግረን እንሄዳለን።

«ስሜን ቢያነሣው ይሻለኝ ነበር» አሉ። «ስድስት አባወራ ማሳውን የለቀቀው እኔን አምኖ ነው። ሃምሳ ዓመት አለ ያልሁትን የለም ሊል ነው። ዕቃውን ላምጣ ብሎ ወደ ሰፈር ወረደ። እሱ እስኪመለስ እሾሁን አሥር እርምጃ ወዲያ ጎተትሁት። ስንጥቁን አፈር አለበስሁት። ቦዩ ሁሉ አንድ ነው የሚመስል። እሾህ ያለበትን ሸሽቶ፣ እሾህ በሌለበት ወረደ። እኔን አምኖ ነው እሱም የወረደ።»

«ሲደረመስበት?»

«ተጣራ።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

አቶ ፈረደ ቁልቁል ወደ ወንዙ አዩ። «ላሞቹ ውሃ ወርደው እስኪመለሱ።»

ፈንቴ ተነሣ። ሽማግሌው ግን አልጨረሱም።

«ያን የጎጃም ልጅ ስትወስደው ዝም አልሁ። ይኸ ሁለተኛው ኃጢአቴ ነው። ግን ብቻዬን አልነበርሁም፣ ፈንቴ። ብረቱን ከጨርቁ ስታወጣው አጠገብህ ቆሜ ነበር። ቀዳዳው ወለል ብሎ ይታይ ነበር። ይኸ ልጅ ይመረምራል ብዬ ጠበቅሁ። ብትመረምር እናገር ነበር። ስትጽፍ አየሁህና እሱም እንደኔ ነው አልሁ።»

ይህን ሲሉ ዓይናቸው ላይ ንቀት አልነበረም። ቢኖር ለፈንቴ ይቀልለው ነበር። ክንዳቸውን ይዞ አስነሣቸውና ወደ መኪናው ሄዱ። ጥላው ሥር የተቀመጡት ቆፋሪዎች ሽማግሌው ሲያልፉ እንደ ልማዳቸው ብድግ አሉላቸው።

*

ማታውኑ አቶ ፈረደ ቃላቸውን ሰጥተው በጣታቸው ፈረሙ። አዛዡ በስልክ ሰምቶ፣ ጎጃሜውን በጠዋት ልቀቀው፣ ነገር አታብዛ አለው። ይህ ትእዛዝ ቀላል ነበር።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ፈንቴ ምናለን ራሱ እየነዳ ከኮኪት ወጣ ብሎ ወዳለው የሰሊጥ መጋዘን አደረሰው። በመንገድ ላይ ገዳዩ እንደተያዘ ነገረው። ምናለ ማነው ብሎ ጠየቀ፤ ሲሰማ በመስኮቱ ወደ ውጭ ዞረ። የጭነት መኪናው ከሰሊጥ መጋዘኑ ፊት ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። ሠላሳ የሚሆኑ የቀን ሠራተኞች ከነጓዛቸው ላዩ ላይ ተጨናንቀዋል። ምናለን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። እጁን ዘርግቶ የሚስበው አልነበረም።

ምናለ ከጎማው አጠገብ ቆመ። «ወረቀት ይስጡኝ» አለ።

«ተፈትተሃል እኮ። የምን ወረቀት?»

«ሰው አልገደለም የሚል።»

ፈንቴ የመኪናው አፍንጫ ላይ ተደግፎ ጻፈለት፦ ምናለ በምርመራ ነፃ መሆኑ ተረጋግጦ ተለቋል። ምናለ ማንበብ አይችልም፤ ወረቀቱን ወደ ላይ ትዕዛዙ ለሚባል ልጅ አቀበለው። ትዕዛዙ የአገሩ ልጅ ነው፣ ስምንተኛ ክፍል ደርሷል። በለሆሳስ አነበበለት።

«ለምን እንደታሰርሁ ይላል?»

«አይልም።»

ምናለ ወረቀቱን ተቀብሎ ለፈንቴ መለሰለት። «እንግዲያ አይበቃኝም፣ ጌታዬ። ሰው ያለ ነገር አይታሰርም ነው የሚሉ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስቆም ከጎኔ የሚቆም አላገኝም።»

ሾፌሩ ጡሩንባ ነፋ። ፈንቴ ወረቀቱን ወደ ባዶው ጀርባ ገለበጠው። እንዲህ ያለ ነገር በእጅ ጽሑፉ ከወጣ በኋላ የት የት እንደሚዞር ያውቃል። አዛዡ ጠረጴዛ ላይ ቢደርስ ማዕረጉን ይዞት እንደሚሄድም ያውቃል። ጎንበስ ብሎ ጻፈ፤ ዝግ ብሎ፣ የሚነበብ አድርጎ። ስሙን ከነማዕረጉ፣ ቀኑን፣ ፊርማውን አኖረበት።

ትዕዛዙ ከካቢኑ ጀርባ ቆመና ወረቀቱን በሁለት እጁ ያዘ። በዚህ ጊዜ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እኔ ኢንስፔክተር ፈንቴ፣ ምናለን ያሰርሁት ሳላጣራ ነው። መዶሻው እጀታ እንዳልነበረው በዓይኔ አይቼ ከመዝገብ ደብቄያለሁ። አሥራ አንድ ምስክር ቆጥሮልኝ አንዱንም አልጠራሁም። የዚህን አገር ሰው ከመጠየቅ እሱን ማሰር ቀለለኝ። እጁ ከደም ንጹሕ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሞተሩ ያጓራል። ከፊት ያሉት ወደ ፈንቴ ዞረው አዩት። አንዱ እጁን ዘረጋ፤ ምናለ ያን እጅ ይዞ ወጣ። ጓዙን ከእግሩ ሥር አስቀምጦ ወደ መኪናው ጭራ ተመለከተ።

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም» አለ። «ድገመው።»

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ትዕዛዙ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ፈንቴም ባርኔጣውን አውልቆ እስኪያልቅ ድረስ ቆመ።